የቀጭኑ ቧንቧ ትርጓሜ

ምክር የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። እኔ ያየሁት ሁሉ አስቀድሞ የቆረጠውን ነገር «ደግ አደረግህ» የሚለው ሰው ፍለጋ የሚዞር ነው። አንዱ ሽማግሌ «ተው» ቢለው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሁለተኛውም «ተው» ቢለው ሁለቱም ጃጅተዋል ብሎ ሦስተኛውን ይፈልጋል። የነፍስ አባቱ መቶ ስገድ ቢሉት ወገቤን ያመኛል ብሎ፣ ሠላሳ ብቻ የሚያሰግዱ ቄስ የት ደብር እንዳሉ ሲያጠያይቅ የከረመ ጎረቤት ነበረኝ። ቄሱን አገኛቸው። ደብሩ ግን ከኮሶዬ ወዲያ ማዶ ሆነና ዳገቱ ከስግደቱ የባሰ ወገቡን ቆረጠው። በዚህ ሰውዬ ብዙ ስቄአለሁ። ስቄ ሳልጨርስ እኔ ራሴ የባሰውን ሠራሁት። እሱ የለወጠው ቄስ ነው፣ እኔ የለወጥኩት መጽሐፍ ነው። በእሱ ጥፋት የሚጎዳው የገዛ ወገቡ ነበር፤ በእኔ ጥፋት ሊቀቀሉ የነበሩት አማቼ ናቸው።

ሊቀቀሉ ያልኩት ወጌን ለማሳመር አይደለም። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ናቸው፣ ጎንደርም ቀሃ ወንዝ ዳር አንድ የመብራት ቤት አላት። ነገሩ ለማስረዳት ቀላል ነው። ቦይለር የሚባል ትልቅ የብረት ጋን በእንጨት ይነድዳል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ በብረት ቧንቧ ግቢውን አቋርጦ ማሽኑ ቤት ይደርሳል፤ ማሽኑን ያዞራል፤ ማሽኑ ሲዞር ከተማው ይበራል። ማለቴ ይበራል ተብሎ ይታሰባል። በዚያን ሰሞን ጣሊያን የተወው ቧንቧ በዝገት ስለተበላ ቤቱ ሥራ ካቆመ ቆይቶ ነበር።

እኔ የዚህ ቤት ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። ከቅኔ ቤት ወጥቼ ትርጓሜ ቤት ገባሁ፣ ትርጓሜውን ሳልጨርስ እንግሊዝኛ ጀመርኩ፣ እንግሊዝኛውንም ሳልጨርስ ደመወዝ ጀመርኩ። በግቢው ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ከእኔ በቀር አልነበረም። ስለዚህ ያነበብኩት ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እሱም ቤቱን ለሚያስተዳድረው ቦርድ አይናገርብኝም።

አማቼ አያ ደሴ ደግሞ የዚያው ቤት እሳት አንዳጅ ናቸው። የጭልጋ ሰው ናቸው፤ ሥራውን ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ ማሽኑን እስከ ዛሬ «ማኪናዋ» እያሉ ነው የሚጠሩት። እሳቱን ካነደዱ በኋላ ግቢውን አቋርጠው ማሽኑ ቤት ደጃፍ ይሄዱና አንድ ትልቅ መዘውር በእጃቸው ያዞራሉ። መዘውሩ ሲዞር ቧንቧው ውስጥ ታግዶ የቆየው እንፋሎት ወደ ማሽኑ ይለቀቃል። መዘውሩ ያለው ደግሞ በትክክል ቧንቧው ታጥፎ ወደ ታች በሚወርድበት ቦታ ሥር ነው። ጎሚቶ የምንለው ያ መታጠፊያ ካዟሪው ራስ በላይ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ሌላ ቦታ ቆሞ ማዞር አይቻልም። ጣሊያኑ ያን ቦታ ሲመርጥ ማን እንደሚቆምበት አስቀድሞ ሳያውቅ አልቀረም።

አዲሱን ቧንቧ ያስመጣው አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር። ሁለት ዓይነት ቧንቧ አዘዘ፤ ወፍራሙ ለእንፋሎቱ፣ ቀጭኑ ከወንዝ ውሃ ለመሳብ። ቀጭኑ ተሟልቶ መጣ። ወፍራሙ ግን እኩሌታው መጣና እኩሌታው ምጽዋ ወደብ ቀረ። መሐንዲሱም ወባ ያዘውና ለሕክምና አሥመራ ወረደ። ሲሄድ የቧንቧ ሥራ ሕግ የተጻፈባቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በእጄ ትቶ የቀረው ቧንቧ እስኪመጣ ጠብቁ አለን።

ጠብቁ ማለት ለእሱ ቀላል ነው። የቦርዳችን ሰብሳቢ ፊታውራሪ አየነው ከአዲስ አበባ ለሚመጡ አንድ ትልቅ ሰው «ከተማውን አብርቼ እቀበልዎታለሁ» ብለው በቴሌግራም ቃል ሰጥተዋል። እንግዳው ሊደርሱ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ፊታውራሪ ቃላቸውን ከሰጡ ቧንቧ የሚባል ነገር በመካከል ምን አገባው?

ቦርዱ ተሰበሰበ። ከፊታውራሪ ሌላ አፋቸውን የማይከፍቱ ሁለት ሽማግሎች አሉ። አራተኛው አባል የትርጓሜ መምህሬ የነበሩት የኔታ ክንፉ ናቸው፤ እሳቸው ግን ለዘመድ ለቅሶ እንፍራንዝ ወርደው ነበር። ፊታውራሪ መጽሐፉ ምን ይላል አሉኝ። ገልጬ አየሁ። ለዚህ ግለት፣ ለዚህ ግፊት፣ ብረቱ ይህን ያህል ይወፍር ይላል። የእኛ ቀጭን ቧንቧ ከዚያ ልክ እኩሌታውን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ፊታውራሪም፣ ጠላው አልጣፈጠኝም ብሎ ከሌላው ጋን እንዲቀዳለት እንደሚጠይቅ ሰው፣ ሌላ መጽሐፍ የለህም ወይ አሉኝ።

አለኝ እንጂ። ሁለተኛው መጽሐፍ የዚያው አገር፣ የዚያው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ የልባሱ ቀለም እንኳን አንድ ነው። ሠንጠረዡን ፈልጌ አወጣሁት። በዚህኛው ብረቱ የሚችለው ግፊት ከፍ ተደርጎ ስለተቆጠረ ውፍረቱ ቀለል ብሏል፤ ቀጭኑ ቧንቧችን ለጥቂት ቢሆንም ያልፋል። ሁለቱ ወንድማማች መጻሕፍት ስለምን ተለያዩ ብዬ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። የፊታውራሪ ፊት ሲፈካ እያየሁ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

እንዲያውም ከዚያ የባሰ ሠራሁ። ከሁለቱ ሽማግሎች አንዱ አፉን የከፈተበት ብርቅ ቀን ነበርና፣ መጽሐፍ ከመጽሐፍ ከተጣላ በኋላ ችግር ቢመጣ ማን ይጠየቃል አለ። ይህን ጊዜ የትርጓሜ ተማሪነቴ ተነሳብኝ። በትርጓሜ ቤት ሁለት ንባብ የተጣላ ሲመስል «አይጣላም» ተብሎ ይታረቃል፤ አንዱ እንዲህ ሲል ነው፣ አንድም እንዲያ ሲል ነው፣ አንድም ሁለቱም አንድ ናቸው ይባላል። ለመጽሐፍ ቅዱስ የሠራ ነገር ለቧንቧ ምነው አይሠራ? ብዕሬን አነሳሁና ሐተታውን አወረድኩት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ይወፍር ማለቱ ስለ ጥንቃቄ ነው፣ አንድም ብረታቸው ደካማ ለሆነ አገሮች ነው፣ አንድም ቧንቧው በውሃ ተፈትኖ ያልታየ እንደሆነ ነው። እንግዲህ ውፍረቱን ከሁለተኛው ወስደን ፈተናውን እንደ መጀመሪያው ብናደርግ ሁለቱም መጻሕፍት ተከበሩ፤ አይጣላም። ፊታውራሪ በጣም ደስ አላቸው። ከሥር ፈረምኩበት። ፊርማዬ በዚያን ቀን እንዳማረ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አምሮ አያውቅም።

ማታ ለባለቤቴ ለየሻረግ ሁሉን አወራኋት። ስለ አንድምታው አልገረማትም፤ ስለ ፊርማውም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ መዘውሩ ሥር የሚቆመው ማነው አለችኝ። አባትሽ ናቸዋ አልኳት። እንጀራውን አቀረበችልኝ፣ ወጡን አወጣችልኝ፣ ከዚያ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ አላናገረችኝም። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጭኑ ቧንቧ ተገጠመ። ፈተናውም እንደ መጀመሪያው መጽሐፍ ተደረገ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን በእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት በላይ አስጨነቅነው። አንድ ጠብታ እንኳ አላንጠባጠበም። ፊታውራሪ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። አያ ደሴ ብቻ መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ አሳርፈው ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ምነው ልጄ፣ ይኼ እኮ ቀዝቃዛ ውሃ ነው አሉኝ። እሳት ያልነካው ብረትና እሳት የነካው ብረት አንድ አይደለም፤ የጋለ ብረት ልቡ ይከዳል፤ በጣሊያን ጊዜ አንድ ባልንጀራዬ በእንፋሎት ሲነካ አይቻለሁ፣ ቆዳው እንደ እጅ ሹራብ ነው ተገፎ የወጣው፤ አሉኝ። ታዲያ ለምን ለፊታውራሪ አይነግሯቸውም አልኳቸው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፣ አንተ ከመጽሐፍ አግኝቸዋለሁ ካልህ እኔ ምን ብዬ እናገራለሁ አሉኝ። ፈራሁ። የእውነት የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ሐተታዬን ቀድጄ ብጥለው ፊታውራሪ እኔን እንደሚቀድዱኝ ስለማውቅ ግን ዝም አልኩ። ፈሪ ሆኜ ሳለ በሌላ ሰው ነፍስ ያን ያህል ደፋር መሆኔን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

እንግዳው ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር የሙከራው ቀን ደረሰ። ከማለዳ ጀምሮ የባሕር ዛፍ ግንድ ይነድዳል። የግፊት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ምልክት ይወጣል፤ ቀዩ ላይ ሲደርስ መዘውሩ ይዞራል። የቦርዱ ወንበሮች ከግቢው ማዶ፣ ከግንቡ አጠገብ ተደርድረዋል። የፊታውራሪ ወንበር ከሁሉም ወደ ኋላ ገባ ብሏል፤ የርቀቱን ልክ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት አላውቅም። እኔ ሁለቱን መጻሕፍት ታቅፌ ከጎናቸው ቆሜአለሁ። አያ ደሴ እሳታቸውን ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡና ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። አዲስ ነው፣ ለየሻረግ ስጣት አሉኝ። ግቢውን አቋርጠው ጎሚቶው ሥር ቆሙ።

የኔታ ክንፉ ከእንፍራንዝ የተመለሱት በዚያው ጠዋት ነው። በበቅሎ መጥተው፣ አቧራቸውን አራግፈው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ነገሩን ከሽማግሎቹ ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የወሰንክበትን መጽሐፍ አንብብልኝ አሉኝ። ሠንጠረዡን ገለጥኩ። እሱን አይደለም፣ መቅድሙን አሉኝ።

በትርጓሜ ቤት መጽሐፍ ከመሐል አይከፈትም። ማን ጻፈው፣ ስለ ምን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው ተብሎ መቅድሙ ሳይነገር አንዲት ቃል የሚተረጉም ተማሪ ከጉባኤ ይባረራል። ይህን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርኩ ሰው፣ የሁለቱንም መጻሕፍት መቅድም ገልጬ አላየሁም ነበር። የኔታ፣ የተጠቀምነው እኮ ቁጥሩን ነው አልኳቸው። እኔ አንተን መጽሐፍ በወገቡ እንድትገባበት አላስተማርኩህም፣ አንብብ አሉኝ። መርፌውን አየሁት፤ ከቀዩ የሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል።

ገለጥኩ። በልቤ አነበብኩት። መዋሸት እችል ነበር፤ ከግቢው ውስጥ ውሸቴን የሚያውቅ አልነበረም። ቀና ስል አያ ደሴ እጃቸውን እንዳያዳልጣቸው በጨርቅ ሲያብሱ አየኋቸው። እንዳለ ተረጎምኩት። ይህ መጽሐፍ የዘይት ማጣሪያና የመሰሉትን ፋብሪካዎች ቧንቧ የሚመለከት ነው ይላል። የመብራት ማመንጫ ቤት ቧንቧን አይመለከትም፤ ለሱ ሌላው መጽሐፍ አለ ይላል። አንዱን የያዘ ከሌላው እየቆነጠረ አይቀላቅል ይላል።

የኔታ ይህ ቤት የምን ቤት ነው ብለው ጠየቁኝ። የመብራት ቤት ነው የኔታ አልኳቸው። እንግዲያው መጽሐፉ ደጅ ላይ ቆሞ የአንተ አይደለሁም ብሎሃል፣ አንተ በመስኮት ገብተህ ዘረፍከው አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብላችሁ ይሆናል። ፊታውራሪ አየነውን አታውቋቸውም ማለት ነው። እሳቸው ሞኝ ሰው አይደሉም። ጥቂት አሰቡና፣ ስለዚህ ያስቸገረን የቤቱ ስም ነው አሉ። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት ፋብሪካ ተብሏል፣ ጻፍ አሉኝ። ቧንቧው ይሰማል፤ ድምፁ ከዚያ ማዶ ድረስ እንደ ንብ ቀፎ ይመጣል። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ መቱት። በአንድ ማኅተም የጎንደር መብራት ቤት ፋብሪካ ሆነች።

አያ ደሴ የሰዉን ሁኔታ ቢያዩ ከማዶ መጥተው ነበር፤ ወረቀቱ ይነበብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። «ሸጋ» አሉ። ከቆባቸው ሥር አንድ አርጅቶ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ሰጡኝ፤ ይህንንም አንብበው አሉኝ። የቅጥር ደብዳቤያቸው ነው፤ የመብራት ቤት እሳት አንዳጅ ይላል። እሳቸውም ወደ ፊታውራሪ እጅ ነስተው፣ ጌታዬ፣ የእኔ ደብዳቤ የመብራት ቤት ነው እንጂ ፋብሪካ አይልም፤ ምነው በሰው ሥራ እጄን አስገባለሁ አሉ። ፊታውራሪ አዲስ ደብዳቤ አሁኑኑ ይጻፍለት ሲሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሹመት ግን እስከ ነገ ላስብበት አሉና ጋቢያቸውን ከክንዴ ላይ አንስተው ለብሰው ግንቡ ሥር ቁጭ አሉ።

ፊታውራሪ ወደ እኔ ዞሩ። ያንተስ ደብዳቤ ምን ይላል አሉኝ። የእኔን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጸሐፊና አስተርጓሚ፣ ሌላም የሚታዘዘውን ሁሉ የሚፈጽም ይላል። ያቺን መጨረሻዋን የጨመርኳት ለማሽቃበጥ ነበር። ሂድና አዙር አሉኝ።

ሄድኩ። ሌላ ምን ላደርግ? ያን ግቢ በቀን አሥር ጊዜ አቋርጠው ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን አላልቅ አለኝ። ቧንቧው ከራሴ በላይ ይንቀጠቀጣል። ሙቀቱ ማጅራቴን ይልሰኛል። እጄን መዘውሩ ላይ አሳረፍኩና ወደ ላይ አየሁ። ጎሚቶው ከቀጭኑ ቧንቧ የሚጋጠምበት ላይ አንዲት ጠብታ ትሠራለች፤ ትወፍራለች፤ ትወድቅና ከእግሬ አጠገብ መሬቱን ጭስ ታደርገዋለች። ሁለተኛ ሠራች። የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ ብረቱ ይወፍር የሚለውን፣ በብብቴ ይዤው መምጣቴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በአንድ እጄ ገለጥኩት። መቅድሙ ስለምን ወፍራም ብረት እንደሚያዝዝ ምክንያቱን በቀላል እንግሊዝኛ ጽፎታል። በመብራት ቤት ቧንቧ አጠገብ ሰው ውሎ ያድራልና ነው ይላል። ሰው የሚለው ቃል እኔን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት አንድም ሁለትም ትርጓሜ አላስፈለገኝም። ሦስተኛዋ ጠብታ ትከሻዬ ላይ ወደቀች፤ ኮቴን በስታ ቆዳዬን አቃጠለችኝ።

እጄን ከመዘውሩ አነሳሁ። ይህ ቤት የመብራት ቤት ነው፣ ቧንቧው ሕገ ወጥ ነው፣ ፊርማዬንም አንስቻለሁ ብዬ ከዚያው ተናገርኩ። ፊታውራሪ ተቆጡ። ያን ዕለት ስታነብልኝ እንዲህ አላልክም አሉ። ያን ዕለት ጠረጴዛ አጠገብ ነበርኩ ጌታዬ አልኳቸው። ምን አባቱ ያስፈራዋል ይሄ ፈሪ፣ እኔው አዞረዋለሁ ብለው ከወንበራቸው ተነሡና ኩታቸውን አጣፍተው ወደ እኔ መጡ። አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ጠብታዋ ወደቀች። ቆሙ። ሌላዋ ወደቀች። ቧንቧውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የምጽዋው ወፍራም ቧንቧ መቼ ነው የሚመጣው ያልከኝ አሉኝ።

ዞር ብንል አያ ደሴ ማንም ሳያዛቸው ፍሙን ከምድጃው እየዛቁ አውጥተው ጨርሰዋል። የማን ቤት ሥራ ነው ያሁኑ ብላቸው፣ እሳት ማጥፋት የሁሉም ቤት ነው አሉኝ። መርፌው ወረደ። የፋብሪካነቱን ወረቀት የኔታ ክንፉ ተቀብለው በአራት ቀደዱት።

እንግዳው በቀጠሯቸው መጡና በፋኖስ ራታቸውን በሉ። ወፍራሙ ቧንቧ ከወራት በኋላ መጣ፤ ከተማውም በራ፤ ቀጭኑም ውሃ መሳቡን ቀጠለ። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያለውን ነው። አያ ደሴና እኔ አብረን ቤት ገባን። የሻረግ አባቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው፤ የእኔን የተበሳ ኮት አየች፤ ምን ሆናችሁ አለች። አያ ደሴ እጃቸውን ተለቃለቁ፣ ቁጭ አሉ፣ እንጀራውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ምንም አልሆን፤ ባልሽ ዛሬ ማንበብ ለመደ» አሏት።